በኮንዶሚኒየም ሰፈር ወንጌልን በቤት ጉብኝት እንዴት እናካፍል?

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ቦሌ አራብሳ የምትኖሩ ከሆነ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ጎረቤቱ ከየአቅጣጫው የመጣ ነው። አንዱ ዕጣ ወጥቶለት፣ ሌላው ተከራይቶ፣ ሌላው ከመሀል ከተማ ተነስቶ። ጠዋት ታክሲ ተሰልፎ ይወጣል፣ ማታ ደክሞ ይገባል፣ በሩን ይዘጋል። እንዲህ ባለ ሰፈር ብዙ በር ማንኳኳት ብዙም የሚያዋጣ አይመስለኝም። ጥቂት ቤት ይዞ መመላለስ ይሻላል። ሉቃስ ምዕራፍ 10 ላይ ጌታ ሰባዎቹን ሲልክ ያዘዛቸውም ይህንኑ ነው፦ በገቡበት ቤት ሰላም እንዲሉ፣ የቀረበላቸውን በልተው እዚያው እንዲቀመጡ፣ ከቤት ቤት እንዳይዞሩ።

1. ቤቶቹን ምረጡ

ለመጀመሪያ ሦስት ቤት ይበቃል። ከማታውቁት ሰው አትጀምሩ። ደረጃ ላይ ሰላም የምትባባሉት፣ ዕድር ላይ የምትገናኙት፣ ጀሪካን ያገዛችሁት ጎረቤት አለ አይደል? ስሙን ጽፋችሁ ጸልዩለት። ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። ሴት ብቻዋን ያለችበት ቤት ወንዶች ብቻችሁን አትግቡ፣ እህት ይኑር። ልጆችን ደግሞ ወላጅ ሳያውቅ ማስተማር አይገባም። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

2. ቀኑን እወቁ

ቀድማችሁ ደውሉ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ቀን ከሆነ ተዉት፤ ቤቱ ሁሉ አጠባና በርሜል መሙላት ላይ ነው። እሁድ ጠዋት ኦርቶዶክሱ ጎረቤት ቅዳሴ ይሄዳል። ባዶ እጅ መሄድ ከከበዳችሁ ስኳር ወይም ቡና ያዙ። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ወይም በፍልሰታ ግን ወተትና ቅቤ ያለበት ኬክ ይዞ መግባት ነውር ነው።

3. መጀመሪያ ስሙ

ቡና ከተፈላ አቦል ጠጥታችሁ ለመነሳት አትቸኩሉ። አቦል ላይ የሚወራው ስለ ኑሮ ውድነት ነው። ቶና ላይ ወሬው ይሞቃል፣ በረካ ላይ ሰው የልቡን ያወጣል። አንዲት እናት «ልጄ ዓረብ አገር ከሄደች ድምጿ ጠፋ» ካሉ ስብከት አትጀምሩ። «እማማ፣ ስሟ ማን ነው? ብንጸልይላት ደስ ይልዎታል?» በሏቸው። እሺ ካሉ ባጭሩ፣ ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ ጸልዩ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ሚስጥር አይችልም፤ የእማማን ጉዳይ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ማሰማት ምን ይሉታል? ካልፈለጉ «እሺ እማማ፣ ቤቴ ሆኜ እጸልይላታለሁ» ብላችሁ ጨዋታውን ቀጥሉ።

ሐዘን ቤት ከሆነ ለቅሶ ደርሳችሁ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ወንበር አቅርቡ፣ ውሃ ቅዱ።

4. ስለ ጌታ ተናገሩ

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጉብኝት ሰዎቹ ራሳቸው ይጠይቃሉ። ያኔ ጌታን እንዴት እንዳገኛችሁት በጥቂት ደቂቃ ተናገሩ። የሰውን ቤተ ክርስቲያን አታጣጥሉ። በማርያምና በታቦት ጉዳይ ክርክር ከተነሳ ሙግት ውስጥ አትግቡ። ገና በሁለተኛ ቀኑ «ማተብህን በጥስ» የሚል ሰው ጠብ ይዞ ነው የገባው።

ዱቄትና ዘይት ለስብከት ማባበያ አይሁን። የተቸገረውን እርዱ፣ ቢያምንም ባያምንም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 27 ሃይማኖትን የመምረጥና የማስተማር ነጻነትን ሲያከብር ማስገደድን ይከለክላል። አትምጡብኝ ያለ ሰውም ቃሉ ይከበርለት። ደረጃ ላይ ሰላምታችሁ ግን አይቋረጥ።

5. አብራችሁ አንብቡ

ለመማር ፈቃደኛ ከሆነ የማርቆስ ወንጌል ጥሩ መነሻ ነው። 16 ምዕራፍ ነው፤ በሳምንት አንድ ብታነቡ በአራት ወር ገደማ ያልቃል። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ኢየሱስ ምን አደረገ? ያልገባህ ምንድን ነው? በዚህ ሳምንት ምን ታደርግበታለህ? የመጨረሻውን በሚቀጥለው ሳምንት መልሳችሁ ጠይቁ፤ ደቀ መዝሙርነቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። ማንበብ የማይችል ካለ በስልክ የሚደመጥ መጽሐፍ ቅዱስ አለ። በየትኛው ቋንቋ እንደሚጸልይም ጠይቁት። በከተማው ዳርቻ ብዙ ኦሮምኛ ተናጋሪ አለ፤ አናሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር በትርጉሙ የደከመበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በፈረንጆች 1899 ነው የታተመው።

ሰው ሲጨመር ቡድኑ አይስፋባችሁ። ደርግ በ1974 ዓ.ም. መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋ ምእመናኑ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት ሆነው ይሰበሰቡ ነበር። በሩ ዳግም ሲከፈት ቁጥራቸው በብዙ እጥፍ አድጎ ተገኘ።

ማርቆስን የጨረሰው ወንድም ወይም እህት ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጋር ይተዋወቅ፤ የጥምቀት ትምህርቱ እዚያ ይቀጥላል። ቀጣዩን ቤት ስትጎበኙ ደግሞ ይዛችሁት ሂዱ። ሦስቱን ጥያቄ እሱ ይጠይቅ፣ እናንተ ከጎኑ ተቀመጡ። ቢሳሳት ሰው ፊት አታርሙት፤ ደረጃውን ስትወርዱ ንገሩት።