የድሮ የጃፓን ኮምፒውተር ጌሞችን የኤፍኤም ሙዚቃ ስትሰሙ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ከ1980ዎቹ አጋማሽ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) በጃፓን የቤት ኮምፒውተሮች ላይ የወጡ ጌሞች ሙዚቃቸው ዛሬም ጆሮ ይይዛል። ርዕሱ ላይ ያልኩት ኤፍኤም ሬዲዮው አይደለም፣ ድምፅ የመፍጠሪያ ዘዴ ነው፤ ወረድ ብዬ እመለስበታለሁ። ጌሙን ነክቶት የማያውቅ ሰው ሙዚቃውን ብቻ ፈልጎ ይሰማል። ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል። ግን ብዙ ሰው ሁለት ሦስቱን ሰምቶ «ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል» ብሎ ይተወዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የአሰማማችን ነው።

«8 ቢት ነው» ብሎ ማለፍ

ማሪዮ የተጫወተ ሰው የድሮ ጌም ሙዚቃ ሁሉ «ቢፕ ቢፕ» ይመስለዋል፤ «8 ቢት» የሚለውም ለዚያ ነው። የማሪዮው ማሽን፣ ፋሚኮም፣ ዋና ዋና ድምፆቹን የሚያወጣው ከቀላል ሞገዶች ነው፤ ካሬና ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ካላቸው። ድምፁም ደረቅና ጥርት ያለ ነው። እዚህ የምናወራው ስለ ሌላ ነገር ነው።

ኤፍኤም ሲንተሲስ አንድን ሞገድ በሌላ ሞገድ ማንቀጥቀጥ ነው። የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን ገመዱ ላይ ሲያንቀጠቅጥ ድምፁ ይርገበገባል አይደል? አሁን ያ መንቀጥቀጥ በሰከንድ መቶ ጊዜ፣ ሺህ ጊዜ ይፍጠን። ጆሮ መርገብገቡን መስማት ያቆማል። በምትኩ አዲስ የድምፅ ቀለም ይሰማል፤ ደወል፣ ነሐስ፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖ። ይህን በ1967 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያገኘው ጆን ቾውኒንግ ነው። ያማሃ ፈቃዱን ገዝቶ በ1983 ዲኤክስ7 የተባለውን ሲንተሳይዘር አወጣ። በ80ዎቹ የፖፕ ሙዚቃ ውስጥ የምትሰሙት ያ እንደ መስታወት የሚያንጸባርቅ ኪቦርድ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ያማሃ እዚያው ላይ አላቆመም። ዘዴውን በትንንሽ ቺፖች አሳንሶ ለኮምፒውተር ፋብሪካዎች ሸጠ። የጌሙ ሙዚቃ ከዚያ መጣ። እና «8 ቢት» የሚለው ስም ስለ ድምፁ ምንም አይነግራችሁም።

የትኛው ማሽን እንደሆነ አለመጠየቅ

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። አንድ ሙዚቃ ጥሩ ነው ወይስ አይደለም ከማለታችሁ በፊት ደራሲው በእጁ ምን እንደነበረ እወቁ።

የጃፓኑ ኩባንያ ኤንኢሲ በ1985 ያወጣው ፒሲ-8801 ማርክ 2 ኤስአር የተባለ ኮምፒውተር ዋይኤም2203 የሚባል ቺፕ ነበረው። 3 የኤፍኤም ድምፅና 3 ተራ የካሬ ሞገድ ድምፅ ያወጣል። በቃ። ስቴሪዮ የለም። በ1987 የመጡት የዚያው ቤተሰብ ማሽኖች፣ ኤፍኤ እና ኤምኤ፣ ዋይኤም2608 ተገጠመላቸው። 6 ኤፍኤም በስቴሪዮ፣ 3 ካሬ ሞገድ፣ 6 የተቀዱ የድራም ድምፆች፣ አንድ ደግሞ የተቀዳ ድምፅ የሚያጫውት ቻናል። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። በዚያው ዓመት ሻርፕ ኤክስ68000ን አወጣ፤ በዋይኤም2151 ቺፕ 8 የኤፍኤም ድምፆች ከአንድ የተቀዳ ድምፅ ቻናል ጋር ነበሩት። ኤምኤስኤክስ በተባሉት የቤት ኮምፒውተሮች ላይ ደግሞ ዋይኤም2413 አለ። 9 ድምፅ ያወጣል፣ ግን የርካሹ ዓይነት ነው። ሌሎቹ ለአንድ ድምፅ አራት ሞገድ ሲያጣምሩ እሱ ሁለት ብቻ ያጣምራል። 15 የተዘጋጁ መሣሪያዎች ይሰጣችኋል፣ ራሳችሁ የምትቀርጹት አንድ ብቻ ነው።

አሁን በ1987 የወጣውን የኒሆን ፋልኮም ጌም ዪስን አስቡት። ሙዚቃው በዋናነት የዩዞ ኮሺሮና የሚየኮ ኢሺካዋ ነው። የተጻፈው ለመጀመሪያው ቺፕ ነው። ከከተማው ወጥታችሁ ሜዳው ላይ የሚቀበላችሁን ሙዚቃ ክፈቱና ቁጠሩ። ዜማው አለ፣ ቤዙ አለ፣ ስምምነቱ አለ። ስድስት ድምፅ ብቻ ይዞ ሙሉ የሮክ ባንድ ለማስመሰል የትኛው ቻናል መቼ ምን እንደሚሠራ ደራሲዎቹ አንድ በአንድ መወሰን ነበረባቸው። ይህን እያወቃችሁ ስትሰሙ ሌላ ሙዚቃ ነው የሚሆንባችሁ።

ቫዮሊኑ ቫዮሊን እንዲመስል መጠበቅ

አይመስልም። ኤፍኤም ቫዮሊን ላይ ደካማ ነው፣ የሰው ድምፅ ላይማ ጭራሽ። የሚችለው ሌላ ነው። ጠንከር ብሎ የሚነጠቅ ቤዝ፣ ደወል፣ ብረት ብረት የሚሉ ድምፆች፣ ሹል ነሐስ። ጥሩ ደራሲዎች ይህን ያውቁ ነበር፤ ዜማቸውን የሚጽፉትም ለእነዚህ ድምፆች ነው።

ይልቅ ብልሃቶቹን ፈልጉ። አንደኛው ማሚቶ ነው። ቺፑ ማሚቶ የሚሠራ ክፍል የለውም። ስለዚህ ያንኑ ዜማ በሌላ ቻናል፣ ትንሽ ዘግየትና ቀነስ አድርገው ይደግሙታል፤ አንዳንዴም በጥቂቱ ከቃናው አውጥተው። ሙዚቃው ሰፊ አዳራሽ ውስጥ የሚጫወት ይመስላል። ዋጋው ግን አንድ ሙሉ ቻናል ነው። ሌላው ረጅም ኖታ ላይ ዘግይቶ የሚጀምረው መርገብገብ ነው። ዋይኤም2203 በራሱ ማርገብገብ አይችልም፤ ፕሮግራሙ ነው ቁጥሮቹን በየቅጽበቱ እየቀያየረ የሚያደርገው። እዚያ ኖታ ላይ የምትሰሙት ስሜት ሰው ቁጭ ብሎ በቁጥር የጻፈው ነው።

በየሙዚቃው «የጃፓን ቃና» መፈለግ

ይህኛው አጭር ነው። ሚያኮ-ቡሺ የሚባለው የጃፓን ስኬል አምስቱ ድምፆቹ ከአምባሰል ቅኝት ጋር ይገጥማሉ። ስለዚህ ኒንጃ ያለበት ጌም ውስጥ አምባሰል የሰማችሁ ከመሰላችሁ ጆሯችሁ አልዋሻችሁም። እኔም እንዲህ ያለ ቦታ ሲመጣ ደስ ይለኛል። ግን የዘመኑ የጌም ሙዚቃ በብዛት ሮክና ጃዝ ፊውዥን ነው። ካሲዮፒያና ቲ-ስኩዌር የተባሉት ባንዶች ጃፓን ውስጥ በሰፊው የሚደመጡበት ጊዜ ነበር። አገራዊ ቀለም ብቻ የሚፈልግ ሰው ዋናው ያመልጠዋል።

አዲሱን ስሪት ሰምቶ በድሮው መፍረድ

ዪስ 1 እና 2 በ1989 ፒሲ ኤንጂን ለተባለው የጌም ማሽን በሲዲ ወጡ፣ ሙዚቃውን ሪዮ ዮኔሚትሱ እንደገና አቀናብሮት። ትልቅ ድምፅ። ግሩም ሥራ ነው። ግን ኤፍኤም አይደለም፣ በአብዛኛው ከሲዲ የሚጫወት ቅጂ ነው። እሱን ወድዳችሁ የ1987ቱን ስትከፍቱ «ይሄ ምንድነው፣ ያልተጨረሰ ነገር» ልትሉ ትችላላችሁ። ቅደም ተከተሉን ገልብጡት፤ የመጀመሪያውን ቀድማችሁ ስሙ።

ሌላም ወጥመድ አለ። አንዳንድ ጌሞች ለአንድ ሙዚቃ ብዙ ስሪት ነበራቸው። በ1993 ለኤክስ68000 የወጣው የኮናሚ ድራኩላ ጌም በማሽኑ ቺፕም፣ ከውጭ በሚሰካ የሮላንድ ሚዲ መሣሪያም (ከኮምፒውተሩ ኖታውን ተቀብሎ በራሱ ድምፆች የሚያጫውት) ይጫወታል። ሮላንዱ ውድ ስለነበር «የተሻለው» እሱ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ በዚህ አልስማማም። ሮላንዱ ለስላሳና ሰፊ ነው፣ ቺፑ ግን ጥርስ አለው። ሁለቱንም ሰምታችሁ ራሳችሁ ፍረዱ፤ የትኛውን እየሰማችሁ እንደሆነ ብቻ እወቁ።

በተበላሸ ቅጂ መፍረድ

ዩቲዩብ ላይ የተጫነው ሁሉ ከእውነተኛ ማሽን የተቀዳ አይደለም። ብዙው ከኢሙሌተር ነው፤ የድሮውን ማሽን በዛሬ ኮምፒውተር ላይ ከሚያስመስል ፕሮግራም። ኢሙሌተር ደግሞ ሁለት የታወቁ ችግሮች አሉት።

የመጀመሪያው የድራም መጥፋት ነው። ከላይ ያልኳችሁ የዋይኤም2608 ስድስት የድራም ድምፆች ቺፑ ውስጥ የታተሙ ናቸው። ብዙ ኢሙሌተሮች እነሱን በተለየ ፋይል እንድታቀርቡላቸው ይፈልጋሉ። ፋይሉ ከሌለ ምንም ሳይናገሩ ድራሙን ይዘሉታል። ቀረጻውን የጫነው ሰው ካላስተዋለ ሙዚቃው ያለ ምት ይወጣል። ሰሚው «ለስላሳ ነው፣ ትንሽ ባዶ ነው» ይላል። ባዶ ያደረገው ሌላ ነው!

ሁለተኛው ሚዛን ነው። ቺፑ ኤፍኤሙንና የካሬ ሞገዱን በተለያየ መንገድ ያወጣቸዋል፤ የሚደባለቁት ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። ስለዚህ የትኛው ይጎላል የሚለው ከማሽን ማሽን ይለያያል። ኢሙሌተሩ ሲስት የካሬው ሞገድ ወይ ጆሮ ይበሳል ወይ ይሰምጣል። አንድ ሙዚቃ ካስጠላችሁ ሌላ ቅጂውን ሳትሞክሩ አትተዉት።

የላፕቶፕ ስፒከር

ቤዙ አይሰማም፣ ከኤፍኤም ደግሞ ግማሹ ደስታ ቤዙ ነው። ኢርፎን አድርጉ። ቤዝ የሚጨምር ማስተካከያ ግን አጥፉ፣ ድምፁን ያጨቀየዋል።

የአንድ ሰው ስም ብቻ መያዝ

ሁሉም ኮሺሮን ያውቃል፤ ይገባዋልም። ዪስ ሲወጣ 19 ዓመቱ ነበር። ለፒሲ-8801 የራሱን የሙዚቃ ፕሮግራም ሠራ፣ ሙኮም88 ይባላል፤ በኋላ ለሕዝብ በነፃ ተለቋል። የሴጋውን ስትሪትስ ኦፍ ሬጅ (1991) ሙዚቃ የጻፈውም በዚያው ኮምፒውተር ነው። በ2007 እንኳ፣ ዓለም ሁሉ ትቶት ሳለ፣ ኤትሪያን ኦዲሴ ለተባለው ጌም ወደዚሁ ማሽን ተመልሷል።

ግን ኢሺካዋን የሚያነሳት ጥቂት ሰው ነው። ዪስን የወደደ ሰው ከወደዳቸው ዜማዎች የእሷ የሆኑት ይኖራሉ። ሂቶሺ ሳኪሞቶ በኋላ በፋይናል ፋንታሲ ታክቲክስ የኦርኬስትራ ድምፅ ታወቀ፤ የጀመረው ግን በእነዚህ ቺፖች ላይ ነው፣ የራሱንም የድምፅ ፕሮግራም ጽፏል። ሪዩ ኡሜሞቶ በ1996 የወጣው ዩ-ኖ የተባለ ጌም ሙዚቃ ደራሲዎች አንዱ ነው፤ ቀስ ያለ፣ ጨለም ያለ ኤፍኤም የሚወድ ከእሱ ይጀምር። 2011 ላይ አርፏል። ዙን የሚባለው ሰው ደግሞ የመጀመሪያዎቹን አምስት የቶሆ ጌሞች ፒሲ-9801 ለተባለው የኤንኢሲ ኮምፒውተር ሠራ፣ ሙዚቃውንም ፒኤምዲ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ጻፈ። እነዚህ ሰዎች ኖታ የሚጽፉት በፊደልና በቁጥር፣ እንደ ኮድ ነበር። ግማሾቹ ሙዚቀኛ ናቸው ወይስ ፕሮግራመር ለማለት ይከብዳል።

ሦስት ሰዓት ፕሌይሊስት ከፍቶ ሌላ ሥራ መሥራት

አብዛኛው ሙዚቃ አጭር ነው፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ሄዶ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ከኋላ ሲለቀቅ አንዱ ከአንዱ ይቀላቀላል፣ ሁሉም አንድ ይመስላል። ይልቅ አንዱን ምረጡና ሦስት አራት ዙር ስሙት። ቪጂኤም ወይም ኤስ98 የሚባሉትን ፋይሎች ካገኛችሁ ደግሞ በጣም ጥሩ። ውስጣቸው ያለው የተቀዳ ድምፅ ሳይሆን ለቺፑ የተላከው ትእዛዝ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ማጫወቻዎች ቻናሎቹን አንድ በአንድ እንድትዘጉ ይፈቅዱላችኋል። በመጀመሪያው ዙር ከቤዙ በቀር ሁሉንም ዝጉ። በሁለተኛው ዜማውን ጨምሩበት። ከዚያ ማሚቶ የሚመስላችሁን ቻናል ዝጉና ዜማው ምን ያህል እንደሚጠብብ ስሙ።