ቲማቲም ላይ የገደለው መድኃኒት ሽምብራ ላይ ለምን ያቅተዋል?

«የሸጡልኝ መድኃኒት ውሃ ነው፤ ትሉ አሁንም እየበላ ነው።» በአዳማ፣ በወንጂና በቆቃ ዙሪያ ከሚያለሙ ገበሬዎች ስለ ሥነ ሕይወታዊ ፀረ ተባይ የምሰማው አቤቱታ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ይጀምራል። አንዳንዴ እውነታቸውን ነው፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ወይም ጊዜው ያለፈበት እሽግ ያጋጥማል። ብዙ ጊዜ ግን መድኃኒቱ ደህና ሆኖ ያስቸገረው ቅጠሉ ነው። ተክል ራሱን ከተባይ የሚከላከልበት የራሱ ኬሚካል አለው። ያ ኬሚካል ትሉን ብቻ ሳይሆን እኛ በትሉ ላይ የላክነውን ባክቴሪያ፣ ፈንገስ ወይም ቫይረስም ያጠቃል።

ከሁሉ በፊት፦ መድኃኒቱ ነው ወይስ ቅጠሉ?

ሦስት ብርጭቆ አዘጋጁ። በመጀመሪያው ያስቸገራችሁን ሰብል የተረጨ ቅጠል፣ በሁለተኛው ያው ትል የሚበላውን የሌላ ሰብል የተረጨ ቅጠል፣ በሦስተኛው ያልተረጨ ቅጠል አስቀምጡ። በእያንዳንዱ አሥር አሥር ትናንሽ ትል ጨምሩና አፉን በስስ ጨርቅ አስራችሁ ጥላ ውስጥ አኑሩት። የተረጨው ቢቲ (ትል የሚገድል ባክቴሪያ) ከሆነ በማግስቱ ኩሱን ተመልከቱ፤ የታመመ ትል መብላት ስለሚያቆም ከሥሩ ኩስ አይጠራቀምም። በሁለቱም የተረጩ ብርጭቆዎች ትሉ እንደ ልቡ ከበላ መድኃኒቱ ሞቷል፤ ወደ ሻጩ መልሱት። በአንደኛው ሞቶ በሌላው ከተረፈ ግን ጉዳዩ የቅጠል ነው። ለፈንገስና ለቫይረስ ሳምንት ያህል ታገሡ፤ እነሱ ቀስ ብለው ነው የሚገድሉት።

ሽምብራ ላይ ቫይረስ ተረጭቶ ጓይ ትል አልሞተም

እሸት ሽምብራ የፈለፈለ ሁሉ ጣቱን ሲልስ ኮምጣጣውን ያውቀዋል። ኮምጣጣው ከቅጠሉና ከቆባው ፀጉር የሚወጣ ማሊክና ኦክሳሊክ አሲድ ነው። ለረጅም ጊዜ ቫይረሱን የሚያዳክመው ይኸው አሲድ እንደሆነ ይታሰብ ነበር። በኋላ በተደረገ ምርምር ግን ዋናው ተጠያቂ በቅጠሉ ገጽ ላይ ያሉ አይሶፍላቮኖይድ የሚባሉ ውህዶች ሆነው ተገኙ። ያው ቫይረስ ቲማቲም ቅጠል ላይ ሲቀመጥ ከሽምብራው የተሻለ ገድሏል። ይህ ለእኔ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ትሉ አንድ፣ ቫይረሱ አንድ፣ ውጤቱ ግን ሁለት።

መጠኑን እጥፍ ማድረግ መፍትሄ አይደለም፤ ገንዘብ ማባከን ነው። ትሉ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ሳያልፍ፣ ወደ ቆባው ሳይገባ ያዙት፤ ትንሹ ትል በጥቂት ቫይረስ ይሞታል። ከረፋዱ ፀሐይ ይልቅ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ እርጩ። ማሳው ውስጥ ወፍ የሚያርፍበት እንጨት ትከሉ፤ ወፎቹ ለቅሞ በመብላት የሚሠሩት ሥራ ቀላል አይደለም። አዳማ ላይ የኒም ዛፍ ስለማይጠፋ የፍሬው ጭማቂም ይረዳል፤ ግን ከፈንገስ ከተሠራ ፀረ ተባይ ጋር በአንድ ታንክ አትቀላቅሉት።

ቲማቲም ላይ ቦቬሪያ የሚባለው ፈንገስ ተረጭቶ ቱታ (የቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪ የእሳት እራት) አልቀነሰችም

የቲማቲም ቅጠል ለጥቂት ደቂቃ ሲነካኩ ጣት አረንጓዴ ሆኖ ቆይቶ ይጠቁራል፤ በሳሙናም ቶሎ አይለቅም። ተክሉ ከላዩ ፀጉር የሚያመነጨው ሙጫ መሳይ ነገር ነው። ከውስጡ ደግሞ ቶማቲን የሚባል መራራ አልካሎይድ አለው። ቶማቲን በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ቦቬሪያ ባሲያና እንዳያድግ ያግዳል። ማሳ ላይ ጉዳቱ እንደ ሳህኑ የከፋ ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን የአዳማ ሙቀት፣ ደረቅ አየርና ነፋስ ሲጨመርበት እርጥበት የሚሻው ፈንገስ ዕድሉ ይጠባል። ቱታ ደግሞ ቅጠሉ ውስጥ ተደብቃ ነው የምትበላው።

ሌላም አለ። ብዙ ሰው ለዋግ ማንኮዜብ ይረጫል፤ ማንኮዜብ ፈንገስ ገዳይ ነውና ቦቬሪያንም ይገድላል። ይህን ሳይጠይቁ ቅጠሉን መክሰስ ተገቢ አይደለም። በሁለቱ መካከል እሽጉ ላይ የተጻፈውን ያህል ቀን አራርቁ።

እኔ ቲማቲም ላይ የምመክረው ይህን ነው፦ ቅጠሉን ለቢቲ፣ አፈሩን ለፈንገስ ስጡ። ቲማቲም ሲቆረስ የሚያጠቁረው ኬሚስትሪ ለቢቲ እንቅፋት አልሆነም፤ እንዲያውም የጓይ ትል ዘመድ በሆነ ትል ላይ በተደረገ ሙከራ ኃይሉን ጨምሮለታል። እንቁላሉ እየተፈለፈለ ሳለ፣ ትሏ ቅጠሉን ሰርስራ ሳትገባ እርጩ፤ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ድገሙት። አብዛኞቹ የቱታ ትሎች ሙሽሬ (ወደ እሳት እራት ከመለወጣቸው በፊት ያለው ደረጃ) የሚሆኑት አፈር ውስጥ ስለሆነ ሜታራይዚየም የተባለውን ሌላ ፀረ ተባይ ፈንገስ ውሃ በጠጣው መደብ ላይ፣ ከግንዱ ሥር አፍስሱት። እዚያ ቶማቲን አያገኘውም፤ ፀሐይም አያቃጥለውም።

ጥቅል ጎመን ላይ ፈንገሱ ደከመ

ሰናፍጭ ሲፈጭ አፍንጫ የሚወጋው ሽታ ከጎመን ቅጠልም ሲቀደድ ይወጣል። ያ ሽታ አይሶታዮሳያኔት ነው፤ የሜታራይዚየም ዘር እንዳይበቅል ያግዳል። ጎመን ላይ ቢቲ ይሻላል፤ የጎመን እሳት እራቷን ትል በደንብ ይይዛታል።

ቢቲ ራሱ ሲደክም

እዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ።

መጀመሪያ ውሃው። ብዙ የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ውሃ ጨዋማና አልካላይን ነው። ቢቲ ደግሞ ገዳዩ ክሪስታል የሚሟሟው በትሉ አልካላይን አንጀት ውስጥ ስለሆነ፣ ታንኩ ውስጥ አስቀድሞ እንዲበላሽ አንፈልግም። የፒኤች ወረቀት ንከሩበት፤ ከ8 ካለፈ በሎሚ ጭማቂ ወይም በኮምጣጤ ወደ 7 አውርዱት። የበጠበጣችሁትንም ለነገ አታሳድሩ።

ቀጥሎ የትሉ ዕድሜ። አውራ ጣት ያህል የሆነ ትል በቢቲ አይበገርም።

በመጨረሻም ታኒን። ሻይ ሲጠነክር ምላስ የሚያደርቀው፣ ቆዳ የሚለፋበትም እሱ ነው፤ ፕሮቲን ያጣብቃል። የቢቲ መርዝ ደግሞ ፕሮቲን ነው። አሜሪካ ውስጥ የኦክን ዛፍ በሚያራቁት ትል ላይ በተሠራ ምርምር፣ ታኒን በበዛበት ቅጠል የተበላ ቫይረስም የመግደል ኃይሉ ቀንሶ ታይቷል። የማንጎና የዘይቱን ቅጠል ታኒን ይበዛበታል። እነዚህ ላይ ለጋ ቅጠል ሲያወጡ፣ ትሉም ገና ትንሽ ሳለ እርጩ። ከወንጂ የሚገኝ ሞላሰስ ጥቂት ጠብ ማድረግ ትሉ የተረጨውን ቅጠል በልቶ እንዲጠግብ ይረዳል፤ ኖዝሉን እንዳይደፍን በደንብ አሟሙት፣ መጀመሪያም በሁለት መስመር ላይ ሞክሩት።