የኒውሮፊላመንት አንቲቦዲ አልሠራ ሲል፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

አንቲቦዲው (አንድን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዘው መመርመሪያ) ተበላሽቷል ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት ፕሮቲኑን ጠይቁት። አገር ቤት ላለ ላብራቶሪ ሌላ ብልቃጥ ማዘዝ ወጪውም ጥበቃውም ከባድ ነው። ደግሞ በኒውሮፊላመንት ጉዳይ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የአንቲቦዲው አይደለም።

ኒውሮፊላመንት የነርቭ ሴልን ቅርጽ የሚይዝ ክር ነው። ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ የሚባሉ ሰንሰለቶች አሉት። እዚህ የማወራው ስለ ከባዱ ነው። ይህ ሰንሰለት ረጅም ጅራት አለው። በጅራቱ ላይ ሊሲን፣ ሴሪንና ፕሮሊን ደጋግመው ይመጣሉ፤ ሴሪኑ ላይ ፎስፌት ይለጠፋል። አክሰን (መልእክት የሚያወጣው የሴሉ ረጅም ክር) ውስጥ ፎስፌቱ ብዙ ነው፤ በሴሉ አካልና በዴንድራይት (መልእክት በሚቀበሉት ቅርንጫፎች) ግን ጥቂት ነው። አብዛኛው ግራ መጋባት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ባንዱ ከተጠበቀው ክብደት በላይ ወጣ

በአሚኖ አሲድ ስሌት የሰው ከባድ ሰንሰለት 112 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) ገደማ ነው። ፕሮቲኖችን በመጠን በሚለየው ጄል ላይ ግን ባንዱ (የፕሮቲኑ መስመር) 200 አካባቢ ይታያል። ፎስፌቱና አሲዳማው ጅራት ጉዞውን ያዘገዩታል። ስለዚህ ምንም አታስተካክሉ፣ ባንዱ ትክክል ነው።

ባንድ ጭራሽ የለም

መጀመሪያ የጣላችሁትን ዝቃጭ አስቡ። ኒውሮፊላመንት በትራይተን (ለስላሳ ሳሙና መሰል ማሟሟያ) አይሟሟም። ቲሹውን በትራይተን ፈጭታችሁ፣ በሴንትሪፊውጅ አሽከርክራችሁ፣ የላዩን ፈሳሽ ብቻ ከወሰዳችሁ ፕሮቲኑ ከታች ቀርቷል። ይህ ሲሆን ደጋግሜ አይቻለሁ። ሰዎች ሳምንታት የአንቲቦዲውን መጠን ሲቀያይሩ ይከርማሉ፤ ፕሮቲኑ ግን መጀመሪያውኑ ጄሉ ላይ አልወጣም። ዝቃጩን በ2 በመቶ ኤስዲኤስ (ኃይለኛ ሳሙና መሰል ማሟሟያ) ወይም በ8 ሞላር ዩሪያ አሟሙት። ዩሪያ ያለበትን ናሙና ግን አታፍሉት፤ ሙቀት ላይ ዩሪያ ራሱ ፕሮቲኑን ይለውጠዋል። የላዩን ፈሳሽና ዝቃጩን ጎን ለጎን ብትጭኑ መልሱን በአንድ ጄል ታገኛላችሁ።

ዝቃጩም ባዶ ከሆነ ዝውውሩን፣ ማለትም ፕሮቲኑ ከጄሉ አንቲቦዲ ወደሚነካው ስስ ወረቀት (ሜምብሬን) የሚሻገርበትን ደረጃ፣ ተመልከቱ። ይህን የሚያህል ፕሮቲን ወፍራም ጄል ውስጥ ተይዞ ይቀራል። ጄሉን ከ6 እስከ 7.5 በመቶ አድርጉት። በዝውውር ፈሳሹ ውስጥ ሜታኖሉን ወደ 10 በመቶ ቀንሱ፣ ጥቂት ኤስዲኤስ ጨምሩ፣ በ30 ቮልት ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ አሳድሩት። ሜምብሬኑን በፖንሶ ቀለም ማየት ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚፈጀው፤ ከ150 በላይ ያለው ቦታ ባዶ ከሆነ አንቲቦዲ አታባክኑ።

አክሰኑ ይበራል፣ የሴሉ አካል ጨለማ ነው (ወይም በተቃራኒው)

የያዛችሁት የትኛውን አንቲቦዲ ነው? ኤስኤምአይ-31 ፎስፌት ያለውን ቅርጽ ያያል፤ ስለዚህ በዋናነት አክሰንን ያሳያል። ኤስኤምአይ-32 ፎስፌት የሌለውን ያያል፤ የሴሉን አካል፣ ዴንድራይትንና አንዳንድ ወፍራም አክሰኖችን ያሳያል። ሁለቱም ሥራቸውን እየሠሩ ነው። አጠቃላይ መጠን መለካት ከፈለጋችሁ ፎስፌት የማይነካው አንቲቦዲ ምረጡ።

ጥርጣሬ ካለ ሜምብሬኑን ለሁለት ቁረጡና አንዱን ፎስፌት በሚነቅለው ኢንዛይም፣ በአልካላይን ፎስፋቴዝ፣ አክሙ። የኤስኤምአይ-31 ምልክት መጥፋት፣ የኤስኤምአይ-32 ደግሞ መጨመር አለበት። ይህን በፒቢኤስ (የፎስፌት ጨው ፈሳሽ) ውስጥ አታድርጉ፤ በውስጡ ያለው ፎስፌት ኢንዛይሙን ያግደዋል። ፎስፌት በሌለው የትሪስ ፈሳሽ ሥሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጉዳት በደረሰበት የነርቭ ሴል ውስጥ ፎስፌት ያለው ኒውሮፊላመንት በሴሉ አካል ሊከማች ይችላል። ጤነኛ ናሙና ጨለማ ሆኖ የታመመው ከበራ ይህ ምናልባት ግኝታችሁ ነውና እንደ ስህተት አትሰርዙት።

ሜምብሬኑ በሙሉ ጠቆረ

ፎስፌት በሚያይ አንቲቦዲ ከሆነ ብሎክ ያደረጋችሁበትን (የሜምብሬኑን ባዶ ቦታ የሸፈናችሁበትን) ወተት ጠርጥሩ። በወተት ውስጥ ያለው ኬዚን ራሱ ፎስፌት የተሸከመ ፕሮቲን ነው። በ5 በመቶ ቢኤስኤ (የከብት ደም አልቡሚን)፣ በቲቢኤስ (የትሪስ ጨው ፈሳሽ) ብሎክ አድርጉ።

ከ200 በታች የተንጠባጠበ ጥላ

ካልፔይን የሚባለው ኢንዛይም በካልሲየም ተነስቶ ኒውሮፊላመንትን ይቆርጣል። አንጎሉ ከወጣ በኋላ እያንዳንዱ ደቂቃ ዋጋ አለው። በረዶ ላይ ሥሩ፣ ካልሲየምን የሚይዘውን ኢጂቲኤና የፕሮቲዬዝ (ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም) ማገጃ ከመጀመሪያው ጨምሩ። ፎስፌቱ እንዳይነቀልም ሶዲየም ፍሎራይድና ኦርቶቫናዴት አትርሱ።

የአይጥ ቲሹ በሙሉ በራ

ሁለቱም ኤስኤምአይዎች ከአይጥ የተሠሩ ናቸው። ሁለተኛው አንቲቦዲ (የመጀመሪያውን ይዞ ምልክት የሚሰጠው) በቲሹው ውስጥ ያለውን የአይጥ አንቲቦዲም ይይዛል፣ በተለይ በደም ሥሮች ዙሪያ። ሁለተኛውን ብቻ ያየ ቁራጭ ሁልጊዜ ይኑራችሁ። እሱም ከበራ በፀረ አይጥ ፋብ ቁራጭ ብሎክ አድርጉ፣ ወይም ከጥንቸል የተሠራ አንቲቦዲ ተጠቀሙ።

ወጣት ካልቸር ላይ ምንም የለም

ከባዱ ሰንሰለት በእድገት ዘግይቶ ነው የሚመጣው። በቅርቡ የተዘሩ ሴሎች ላይ የነርቭ ሴል መለያ የሆነውን ቤታ-3 ቱቡሊንን ፈልጉ። እሱ በርቶ ኒውሮፊላመንቱ ካልበራ ሴሎቹ ነርቭ ናቸው፤ ካልቸሩ እስኪጎለምስ ጠብቃችሁ እንደገና ሞክሩ።