ልጄ ጡት አልይዝ ያለችበት ምክንያት

ጅማ፣ ሄርማታ በሚገኘው ቤታችን የስድስት ሳምንት ልጄን ሰዓት እየቆጠርኩ በየሦስት ሰዓቱ ብቻ አጠባት በነበረበት ጊዜ፣ ጡት ስሰጣት ወደ ኋላ እየተለጠጠች በጩኸት አልይዝ ትለኝ ስለነበር፣ ወተቴ ያነሰ መስሎኝ ጡጦና የዱቄት ወተት ልገዛ ተነሥቼ ነበር።

ነገሩን ያስተዋሉት አማቴ ናቸው። ቡና እየቆሉ «ልጄ፣ እሷ እኮ አፏን ከፍታ ስትፈልግሽ ቆይታ ነው የምታለቅሰው፤ አንቺ ሰዓት ታያለሽ» አሉኝ። በማግስቱ ያማከርኳት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም ለቅሶ ዘግይቶ የሚመጣ የረሃብ ምልክት እንደሆነ፣ የተበሳጨ ሕፃን ጡት በደንብ ለመያዝ እንደሚቸገርና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት የተለመደ እንደሆነ አስረዳችኝ።

ከዚያ በኋላ ስልኬን አስቀምጬ ልጄን ማየት ጀመርኩ። ገና ሳትነቃ ዓይኖቿ ከሽፋናቸው ሥር ይንቀሳቀሳሉ፤ ቀጥላ ከንፈሯን ትልሳለች፣ ጡጫዋን ወደ አፏ ትወስዳለች፤ ጉንጯን ስነካት ወደ ጣቴ ትዞራለች። በዚህ ጊዜ ካነሣኋት ያለ ትግል ትይዛለች። ካመለጠኝና ካለቀሰች ግን በመጀመሪያ ገላዋን ከገላዬ አጣብቄ አረጋጋታለሁ።

የጥጋቧን ምልክት ለመለየት ዘግይቻለሁ። ተጨብጦ የነበረው እጇ ቀስ ብሎ ሲላላና ጡቱን ስትለቅ፣ ምናልባት ማጉረስ ፍቅር ነው ተብለን ስላደግን ይሆናል፣ መልሼ አስይዛት ነበር። አሁን ፊቷን ስታዞር አቆማለሁ። በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ሽንት ጨርቅ ስለምታርስ፣ ክብደቷም እየጨመረ ስለሆነ፣ ጡጦውን ሳልገዛ ቀረሁ።