የመንደራችሁን ተራራ ታሪክ እንዴት ታጣራላችሁ?

የአባቴና የእናቴ የሠርግ ፎቶግራፍ የተነሣው በጥር 1958 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ፣ ከሐይቅ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ነው። ስንት ዓመት ሙሽሮቹን ብቻ ሳይ ኖሬ፣ አንድ ቀን ዓይኔ ከአባቴ ትከሻ በላይ ባለው ተራራ ላይ ዐረፈ። ተራራው ራቁቱን ቆሟል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ብቆጥር ዐሥራ አንድ ዛፍ አገኘሁ። እኔ ግን ያደግሁት «በአባቶቻችን ዘመን አገሩ ሁሉ ደን ነበር፤ እኛ ነን የጨረስነው» ሲባል እየሰማሁ ነው። ነገሩን ለማጣራት ሦስት ዓመት ለፋሁ። እናንተም በየመንደራችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

ስትነሡ የተዘጋጀ መልስ ይዛችሁ አትውጡ። «ከመቶ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ መሬት 40 በመቶው ደን ነበር» የሚለው አባባል በየስብሰባው ይደጋገማል፤ ሆኖም የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን እንዳሳዩት ከጀርባው የረባ ልኬት የለም። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ። ተመራማሪዎች ከ140 ዓመት በኋላ በነዚያው ቦታዎች ቆመው ዳግመኛ ሲያነሡ፣ በብዙዎቹ ሥፍራዎች የዛሬው ዛፍና ቁጥቋጦ ከያኔው በልጦ ተገኝቷል። ከከተማው አጠገብ ያለው የእኛው ሐይቅ ደግሞ ከዚያም የራቀ ያስታውሳል። ከሐይቁ ወለል በወጣ ደለል ውስጥ የተገኘው የአበባ ብናኝ እንደሚመሰክረው፣ የዝግባና የጥድ ደን ከክርስቶስ ልደት 500 ዓመት ገደማ በፊት ተመንጥሮ ቦታው ለክትክታና ለሣር ተለቅቋል። ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የጥድ ደን ተመልሶ በቀለ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ምንጣሮውና የአፈር መሸርሸሩ በረታ። ስለዚህ የምትጠይቁት «ደን ነበር ወይስ አልነበረም?» ብላችሁ አይሁን። መቼ ነበር? መቼ ጠፋ? መቼስ ተመለሰ?

አሁን ፎቶግራፍ ፈልጉ። የሠርግ፣ የተዝካር፣ የትምህርት ቤት ቢሆን ግድ የለም፤ ከሰው ጀርባ ተራራ ይኑርበት እንጂ። ከባዱ ሥራ አንሺው የቆመበትን ቦታ ማግኘት ነው። ከፎቶግራፉ ላይ አንድ የቅርብና አንድ የሩቅ ምልክት ምረጡ። እኔ የመረጥሁት ከሜዳው ዳር ያለ ቋጥኝና ከተራራው ጫፍ ላይ ያለ ሰርጥ ነበር። በፎቶግራፉ ላይ የቋጥኙ ራስ ልክ ከሰርጡ ሥር ይውላል። ሜዳው ላይ ቆማችሁ ስታዩ ቋጥኙ ከሰርጡ ወደ ግራ ካለፈ እናንተም ወደ ግራ ሂዱ፤ ወደ ቀኝ ካለፈ ወደ ቀኝ። ሁለቱ ሲገጥሙ ቁሙ። እኔ አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጅቶብኛል፤ እግሬ አባቴ ከቆመበት ፊት ለፊት ሲያርፍ ግን ዕንባዬ መጣ። የምታነሡበት ወርም ከድሮው ጋር ይግጠም። የጥርን ፎቶግራፍ ከመስከረም ጋር ብታስተያዩ ልምላሜው ያታልላችኋል።

ዛሬ ያ ተራራ ግማሹ አረንጓዴ ነው። ነገር ግን ከሩቅ አይታችሁ አትደሰቱ፤ ውጡና በእጃችሁ ዳስሱ። ታችኛው ክፍል ባሕር ዛፍ ነው፤ በምኒልክ ዘመን ከውጭ የገባው። ከሥሩ ሣር እንኳ በቅጡ አይታይም። ላይኛው፣ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ የተደረገው፣ ክትክታ ለብሷል፤ በክትክታው ጥላ ሥር ከጉልበቴ የማይበልጥ የወይራ ችግኝ አገኘሁ፤ ማንም ያልተከለው። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዙሪያ ያሉት ዛፎች እዚህ አየር ላይ ምን ሊበቅል እንደሚችል ያሳያሉ። ተጠብቆ የኖረ ቅጥር ግን አገሩ ሁሉ እንደዚያ እንደ ነበር ማስረጃ አይሆንም።

ሽማግሌዎችን ስትጠይቁ «ድሮ ደን ነበር?» አትበሉ፤ መልሱ ሁልጊዜ «እንዴታ!» ነው። ሥራቸውን ጠይቁ። አክስቴን «እቴቴ፣ ልጅ ሆነው እንጨት ለቀማ ሲሄዱ መቼ ይመለሱ ነበር?» አልኋቸው። «ማልደን ወጥተን ለከብት መግቢያ ነው የምንደርሰው፤ አሁንማ ባሕር ዛፉ ከደጄ ነው» አሉኝ። ቀጥዬ የቤታቸውን ምሰሶ ጠየቅሁ። የጥድ ግንድ ነው፤ ጭስ አጥቁሮት፣ የመጥረቢያው ጠርብ ገና በጣት ይዳሰሳል። ለካ እርሳቸው ሳይወለዱ አባታቸው ከሰባት ሰው ጋር ተሸክመው፣ መንገድ ላይ አንድ ሌሊት አድረው ያመጡት ነው። እንግዲህ አክስቴ ከመወለዳቸው በፊት ጥዱ ከመንደሩ ርቆ ነበር ማለት ነው። አንድ ምሰሶ ይህን ያህል ይናገራል፤ የእናንተንም ጠይቁ።

ሽማግሌዎች ዓመቱን በቁጥር ባይነግሯችሁ አትጨነቁ። ጣሊያን ሲገባ 1928፣ የመሬት አዋጅ 1967፣ ትልቁ ድርቅ 1977፣ ደርግ ሲወድቅ 1983 እያላችሁ ትውስታቸውን በየቦታው አስገቡ። በ1983 በብዙ አካባቢ የማኅበር ደን እንደ ተጨፈጨፈ አትርሱ። ከዚያም በፊት በክፉ ቀን፣ ከ1880 እስከ 1884፣ በሬው አልቆ ስንቱ እርሻ ጦም አድሯል፤ ጦም ባደረ መሬት ደግሞ ቁጥቋጦ ሊመለስ ይችላል። ከ1964 ዓ.ም. ወዲህ ያለውን የላንድሳት የሳተላይት ምስል በነፃ ታገኛላችሁ፤ ጓሮ አይለይም እንጂ የአንድን ተራራ ለውጥ ለማየት ይበቃል።

በመጨረሻ በአዲሱ ፎቶግራፍ ጀርባ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቆማችሁበትን ቦታና ያያችሁትን የዛፍ ዓይነት በእርሳስ ጻፉ። እኔ ከቆምሁበት ላይ ሦስት ድንጋይ ከምሬ ቦታውን ለእኅቴ ልጅ አሳይቻታለሁ። ዕድሜዋ ዘጠኝ ነው።