ልጅ አሳድጎ ወደ ሒሳብ ሥራ መመለስ፦ ከማመልከቻው በፊት የሚሠራው ሥራ

ለልጅ ብለው አምስት ስድስት ዓመት ቤት የቆዩ የሒሳብ ባለሙያዎች ሥራ ለመፈለግ ሲነሡ መጀመሪያ የሚይዙት ሲቪ ነው። እኛ ሲቪው መጨረሻ ይሁን እንላለን። ክፍተቱን በአንድ መስመር ማስረዳት ይቻላል። የቀድሞው ልምድ በወረቀት ካልተያዘና በመሃል የተለወጠው የግብር ሕግ ካልታወቀ ግን ጥሩ ሲቪም አያድንም።

ወረቀቱ

የቀድሞ መሥሪያ ቤትዎ የሥራ ልምድ ካልሰጠዎት ሄደው ይጠይቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ደብዳቤውን እዚያው ሳሉ ያንብቡት፦ ስም እስከ አያት፣ የሥራ መደብ፣ የተጀመረበትና ያበቃበት ቀን፣ ደመወዝ፣ የደብዳቤ ቁጥር፣ ፊርማ፣ ማህተም። ድርጅቱ የግል ከሆነ የሥራ ግብር ይከፈል እንደነበር የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ይኑርበት። ብዙ የመንግሥት ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያዎች ይህን በግልጽ ስለሚጠይቁ፣ ከሌለ ልምዱ እንዳልነበረ ይቆጠራል።

የዘመን አቆጣጠር ስህተት ሰውን ሳያውቀው ይጥላል። ከመስከረም 2006 እስከ ሰኔ 2011 ዓ.ም የሠራ ሰው በእንግሊዝኛው ሲቪ ላይ ከሴፕቴምበር 2013 እስከ ጁን 2019 ብሎ መጻፍ አለበት። ደብዳቤውና ሲቪው ካልተስማሙ መልማዩ ደውሎ አይጠይቅም፤ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። በዲግሪ፣ በፋይዳና በቲን ላይ ስምዎ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት መጻፉንም አሁኑኑ ያመሳክሩ። ማስተካከያ ጊዜ ይወስዳል፤ ከተቀጠሩ በኋላ የደመወዝ ሒሳብ ሲከፈት ቢገኝ ደግሞ የመጀመሪያው ክፍያ ይዘገያል።

ድርጅቱ ተዘግቶ ከሆነ የጡረታ መዋጮ መዝገብዎን ከግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር፣ ደመወዝ የገባበትን መግለጫ ደግሞ ከባንክዎ ይጠይቁ። ደብዳቤውን ሙሉ በሙሉ አይተኩም፤ ሁለቱ ተያይዘው ሲቀርቡ ግን የሚቀበል የግል አሠሪ አለ።

የተለወጠው ሕግ

ለሒሳብ ሠራተኛ የጽሑፍ ፈተና ሲሰጥ የደመወዝ ስሌት መጠየቁ የተለመደ ነው፤ ቤት የቆየ ሰውም በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እጁ የለመደው የድሮውን ሠንጠረዥ ነውና። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር የወር ደመወዝ እስከ 2,000 ብር ነጻ ነው። ከዚያ እስከ 4,000 ብር 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ብር 20፣ እስከ 10,000 ብር 25፣ እስከ 14,000 ብር 30፣ ከ14,000 በላይ 35 በመቶ ይከፈላል። እያንዳንዱ እርከን በየራሱ መጣኔ ተሰልቶ ሲደመር፣ ለ15,000 ብር ደመወዝ ግብሩ 3,200 ብር፣ የሠራተኛው 7 በመቶ ጡረታ 1,050 ብር ይሆናል፤ እጅ የሚገባው 10,750 ብር ነው። በድሮው ሠንጠረዥ ግብሩ 3,750 ብር ይመጣ ስለነበር፣ ያን መልስ የጻፈ ሰው መቼ ሥራ እንዳቆመ በራሱ እጅ ተናገረ ማለት ነው። የአሠሪው የጡረታ ድርሻ 11 በመቶ መሆኑንም አይርሱ።

ተጨማሪ እሴት ታክስ አሁን የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1341/2016 ነው። መጣኔው 15 በመቶ እንደሆነ ቀጥሏል፤ የድሮው 285/1994 ግን ተሽሯል፤ ማስታወሻዎ በእሱ ላይ የተመሠረተ ከሆነ ይተዉት።

የሒሳብ ሶፍትዌሩን ፒችትሪን በንባብ ማስታወስ አይቻልም። የምናባዊ ሱቅ አንድ ወር ሙሉ ይሥሩ፦ የሒሳብ መደቦችን ይክፈቱ፣ ከሠላሳ እስከ ሃምሳ የሚሆኑ የግዥና የሽያጭ ሰነዶችን ያስገቡ፣ ፔይሮል ያውጡ፣ ባንክ ያስታርቁ፣ የሙከራ ሚዛን አትመው ይያዙ። የባንክ ማስታረቁን አይዝለሉት፤ ያልቀረበ ቼክና ያልተመዘገበ የባንክ ክፍያ መለየት የቻለ ሰው በፈተና አይቸገርም።

ቅርብ ጊዜ የሠሩት

ቤት ሳሉ የእድር ሒሳብ ይዘው ወይም በልጅዎ ትምህርት ቤት ወላጅ ኮሚቴ ውስጥ ገንዘብ ተቆጣጥረው ከሆነ ማህተም ያለበት ደብዳቤ ያስጽፉ፦ ስንት አባል፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ምን ተሠራ። ካልነበረ የአንድ ዘመድ ሱቅ መዝገብ ለሦስት ወር ይያዙ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይህን እንደ ልምድ አይቆጥረውም፤ ለግል ድርጅት መልማይ ግን እጅዎ አሁንም እየሠራ መሆኑን ያሳያል። በሲቪው ላይ ክፍተቱን «ከ2011 እስከ 2017 ዓ.ም ልጆች በማሳደግ ላይ፤ ከ2015 ጀምሮ የእድር ሒሳብ ያዥ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። በቃለ መጠይቅም ከሁለት ዓረፍተ ነገር አይበልጥ፤ ይቅርታ መጠየቅ ደግሞ ጨርሶ አያስፈልግም፤ ልጅ ማሳደግ የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ማስታወቂያ በሪፖርተር ጋዜጣ፣ በኢትዮጆብስና በቴሌግራም ይከታተሉ፤ ግን አስቀድመው ለቀድሞ ባልደረቦችዎ ይደውሉ። ለምዝገባ ወይም ለፎርም ገንዘብ አምጡ የሚልዎትን ይተዉት።

ሲቀጠሩ

የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ የሚደረግ ሲሆን ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በሳምንት ስድስት ቀን ከተሠራ አሥር ሳምንት፣ አምስት ቀን ከሆነ አሥራ ሁለት ሳምንት ማለት ነው። በዚህ ጊዜ አሠሪው ያለማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ስለሚችል ልጅ የሚጠብቀውን ሰው ለዚህ ሁሉ ሳምንት አስቀድመው ይያዙ፤ ሞግዚቷ በቀረችበት ቀን የሚተካትም ይኑር። መሥሪያ ቤቱ የሕፃናት ማቆያ እንዳለው ከመፈረም በፊት ይጠይቁ። የተመለሱት ወደ ቀድሞው አሠሪ፣ ወደዚያው ሥራ ከሆነ ግን ሕጉ ዳግመኛ የሙከራ ጊዜ አይፈቅድም፤ ውሉ ላይ ከተጻፈ ያሰርዙ።

የጡረታ መለያ ቁጥርዎን በመጀመሪያው ቀን ለሰው ሀብት ክፍል ይስጡ። አዲስ ቁጥር ከተከፈተ የድሮው አገልግሎት ከአዲሱ ጋር ሳይደመር ሊቀር ይችላል፤ የጡረታ አበል ለማግኘት ደግሞ ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል።