ደንበኛ የሚጠይቀውን በቪዲዮ እየመለሱ ሱቅ ማስተዋወቅ፣ እንዴት እንደሚሰራ

ደሴ ውስጥ ለሶፋ ቤት፣ ለስልክ ጥገና፣ ለልብስ ሱቅ ቪዲዮ እቀርጻለሁ፣ አብዛኛው ሰው ሲጠራኝ የሚፈልገው ከኋላ ዘፈን ተለቆ ካሜራው እቃው ላይ ሲዞር ነው። ያምራል፣ ምንም አልልም። ግን ስሩ የሚጻፈው ኮሜንት ሁሌም ያው ነው፣ ዋጋ? የት ናችሁ? ኮምቦልቻ ታደርሳላችሁ? እኔ የምለው እነዚህን ጥያቄዎች ራሳቸውን ቪዲዮ አድርጓቸው ነው። በሶፋ ቤት ምሳሌ ልሂድ፣ ሌላውም ስራ ያው ነው።

መጀመሪያ ጥያቄ ሰብስቡ። ከጭንቅላታችሁ ግን እንዳትፈጥሩ፣ "ለምን የእናንተን ሶፋ ልምረጥ?" ብሎ የጠየቀ ደንበኛ እስካሁን አላጋጠመኝም። አንድ ደብተር ባንኮኒው ላይ አስቀምጡና ሱቅ የገባው፣ የደወለው፣ ቴሌግራም ላይ የጻፈው ሰው ያለውን በራሱ አፍ ጻፉት። "ስፖንጁ ይሰምጣል እንዴ?" ካለ "የስፖንጅ ጥራት" ብላችሁ አታሳምሩት። እንደዚ ስትሰበስቡ የአካባቢው ጥያቄ ይመጣላችኋል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሰዉ "ሌዘር ጠዋት ጠዋት አይቀዘቅዝም?" ይላል፣ የሀረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስትሄዱ ኮምቦልቻ ሞቃት ነው፣ እዛ ያለው ደግሞ "ሙቀት ላይ ከጀርባ ጋር አይጣበቅም?" ይላችኋል። በቃ ሁለት ቪዲዮ ተገኘ።

አሁን አስቸጋሪው፣ ዋጋ። ሁሉም ሱቅ "ኢንቦክስ" ብሎ ያልፋታል። ምክንያታቸው ይገባኛል፣ ጎረቤት ሱቅ ያያል፣ ደንበኛው ቁጥሩን ሰምቶ ሳይመጣ ይቀራል፣ ክርክርም አለ። ግን ጠያቂው ምን የሚያስብ ይመስላችኋል? ውድ ስለሆነ ነው የደበቁት ብሎ ወደ ቀጣዩ ቪዲዮ ያልፋል።

እኔ ሱቆቹን የማሰራቸው እንደዚ ነው። አንድ ቁርጥ ዋጋ አትናገሩ፣ "ይሄ ኤል ሼፕ ሶፋ ከዚህ ይጀምራል፣ እዚህ ድረስ ይሄዳል" በሉና ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ በእጃችሁ አሳዩ። ጨርቅ ያልለበሰ ፍሬም አምጡና እንጨቱን አሳዩ። ሁለት ስፖንጅ ጎን ለጎን አስቀምጡና በክርናችሁ ተጫኑት፣ አንዱ ወዲያው ሲመለስ አንዱ ጎድጉዶ ሲቀር ካሜራው ይየው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፣ ስፖንጅ ወፍራም ስለሆነ ጠንካራ ነው ማለት አይደለም፣ እኩል መጠን ካላቸው ሁለት ስፖንጆች ከበድ የሚለው ነው ብዙ የሚቆየው፣ ስለዚ ሚዛን ካላችሁ ካሜራ ፊት መዝኑት። ይሄን ያየ ደንበኛ ሱቅ ሲመጣ "ለምን ተወደደ" ሳይሆን "የከባዱን ስሩልኝ" ብሎ ነው የሚገባው።

ደሞ ቀን። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እየተወሰነ ስለሆነ ከውጭ የሚገባ ጨርቅ ዋጋው አንድ ቦታ አይቆምም። ስለዚ ዋጋ ያለበት ቪዲዮ ላይ ወሩንና ዓመቱን በአፋችሁም ተናገሩ፣ ስክሪኑ ላይም ጻፉ፣ ዋጋው ሲቀየር የድሮውን ቪዲዮ ከገጻችሁ አጥፉት። የማውቀው አንድ ሱቅ አላጠፋም፣ ደንበኛው ከከሚሴ ድረስ ቪዲዮውን ስልኩ ላይ ይዞ መጣ፣ ከዛ ጭቅጭቁን ተዉት።

ቀረጻው ቀላል ነው። ስልኩን አቁማችሁ ያዙ፣ ተናጋሪው ፊቱን ወደ በሩ ያዙር፣ በተለይ ክረምት ላይ ደሴ በጉም ስትሸፈን ሱቅ ውስጥ ጨለማ ነው። ገንዘብ ካላችሁ ሪንግ ላይት የሚባለውን ክብ መብራት ሳይሆን ኮሌታ ላይ የሚሰካ ማይክ ግዙ፣ የባጃጅ ድምጽ የገባበትን ቪዲዮ ማንም አይጨርሰውም። አንድ ሰው ከካሜራው ኋላ ሆኖ ጥያቄውን ይጠይቅ፣ ሰራተኛው ይመልስ፣ የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር መልሱ ትሁን። "ሰላም ጤና ይስጥልኝ ውድ ተከታታዮቻችን" ቁረጡት። ተዋናይ አትቅጠሩ፣ መዶሻ የያዘው ልጅ ቢንተባተብም ይሻላል።

ቲክቶክ ላይ ስትለቁ ኮሜንቱን ሪፕላይ በሉና የካሜራዋን ምልክት ንኩ፣ ጥያቄው ቪዲዮው ላይ ተለጥፎ ይወጣል፣ ይሄን ፊቸር የማይጠቀም ሻጭ ይገርመኛል። ቢዝነስ አካውንት ከሆነ የታወቁ ዘፈኖችን አያስገባም፣ ለኛ ግን ዘፈን አያስፈልገንም። ያንኑ ቪዲዮ ዩቲዩብ ሾርትስም ላይ ጫኑት፣ እስከ 3 ደቂቃ ይቀበላል ግን ከአንድ ደቂቃ አትለፉ። "የት ናችሁ?" ለሚለው ከፒያሳ ተነስታችሁ እየሄዳችሁ እስከ በራችሁ ቅረጹና ጉግል ማፕ ላይ ያለው የሱቃችሁ ገጽ ላይ ጫኑት፣ እዛ ገደቡ 30 ሰከንድ ነው፣ ስለዚ መንገዱን አፍጥኑት። ከከሚሴና ከባቲ ደንበኛ ካላችሁ ዋና ዋናዎቹን በኦሮምኛም ቅረጹ፣ ትርጉም ጽሁፍ ከስር ከማድረግ ቋንቋውን የሚናገር ሰራተኛ ራሱ ቢመልስ ነው የሚሻለው።

የተለቀቁትን ሁሉ ቴሌግራም ቻናላችሁ ላይ በጥያቄው ስም አስቀምጧቸው። ሰው ደውሎ "ታደርሳላችሁ ወይ?" ሲል አንዷን ፎርዋርድ ታደርጉለታላችሁ፣ ስልክ ላይ ስትለፈልፉ አትውሉም።